የገዛ ፊርማቸውን የሻሩ ሰው

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ታናናሾቻቸው ጋሼ የምንላቸው፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በኩር ሆነው ተወለዱ። ነጎድጓድ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገቡ ስለ ነበር እናታችን «ይህ ልጅ ጥላውን እንኳ ይፈራል» ይሉ ነበር።

በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊ አግብተውም ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሥራቸው ጠጠራም አፈርን በብረት ሣጥን ውስጥ ጠቅጥቀው፣ የሣጥኑን የላይኛውን ግማሽ ከታችኛው ላይ እየገፉ፣ አፈሩ በስንት ኃይል እንደሚንሸራተት መለካት ነበር።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ ከወላጆቻችን ሰፈር በላይ ለሚሠራው ግድብ የሚሆነውን አፈር መርምረው «ጠንካራ ነው» ብለው ፈረሙ። ግድቡ ከተጋመሰ በኋላ ግን ሣጥኑን ሲያጸዱ የውስጥ ግድግዳው ላይ የድንጋይ ጭረት አዩ፤ ለካስ ሣጥኑ ለጠጠሩ ጠቦ ድንጋዮቹ በግድግዳው መካከል እየተሰነቀሩ ኖሯል፤ የተመዘገበውም የአፈሩ ጥንካሬ ሳይሆን የድንጋዮቹ መሰንቀር ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሌሊት እየተነሡ ደመናውን ያዩ ጀመር። ቢናገሩ መባረርና መታሰር፣ ዝም ቢሉ የሰው ነፍስ መጥፋት ሆነባቸው። ባለቤታቸው «ዝም በል፣ ልጆች አሉህ» ብለው ቢለምኗቸው፣ «እንቅልፍ ያጣሁትስ ልጆች ስላሉኝ አይደል?» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊያቸው ፊት ቆመው «የፈረምኩት ቁጥር ተሳስቷል፤ ሥራው ይቁም» አሉ። ኃላፊውም «አብደሃል? ካላረጋገጥክ ፍርድ ቤት እንገናኛለን» ብለው አሥራ አምስት ቀን ሰጧቸው። ጋሼ በበያጅ እጅ አምስት እጥፍ የሚሰፋ ሣጥን አሠርተው ያንኑ አፈር ስድስት ጊዜ ፈተኑት፤ ስድስቱንም ጊዜ አፈሩ ከፈረሙበት ቁጥር በሩብ ባነሰ ኃይል ተንሸራተተ። የግድቡ ተዳፋት እንዲሰፋ ተደርጎ እንደገና ተሠራ፤ እርሳቸው ግን ከማዕረጋቸው ወርደው አራት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀመጡ።

ግድቡ ሳይነቃነቅ ቢኖርም ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጃንጥላ ይዘው ውሃ አስርጎ እንደ ሆነ የግድቡን ሥር ሲዳብሱ፣ እኔ ራሴ «ፈሪው ጋሼ» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ፤ ዛሬ አፍሬአለሁ። የላቦራቶሪው የአፈር አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ዝናብ በሰሙ ቁጥር «ውሃው የት ደረሰ?» ይሉን ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል፤ ስማቸውን ሳያውቁ ከግድቡ በታች ባለው ሰፈር በሰላም ተወልደው ያደጉም ብዙዎች ናቸው። ስለ ሌላው ሲፈራ የኖረውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ ያሳርፍልን።