ምሳችንን ለቫልቭ ያስያዘችው እህታችን

እንደምን አመሻችሁ? ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። እኔ የቆምኩት ጉልበቴ አንዴ ከታጠፈ መልሶ መዘርጋቱ ስለሚያስቸግረው ነው እንጂ ክብር ፈልጌ አይደለም። ማይኩንም ራቅ አድርጉልኝ፤ ዕድሜውን በብረት መቁረጫው ቶርኖ ላይ የጨረሰ ሰው ድምፁ ከማሽን ጋር መሟገት ለምዷል።

የዛሬዋን ባለጉዳይ መጀመሪያ ያየኋት በቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ነው። «አዲሷ የቫልቭ ንድፍ ኢንጂነር መጥታለች» ተባለና እጃችንን ታጥበን ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ንግግር ይወድ ነበር። «ፋብሪካችን የሚያመርታቸው የማቀዝቀዣ ቫልቮች...» ብሎ ገና ከመጀመሩ ጥግ የቆመችው ቀጭን ሴት እጇን አነሳችና «ዝም በሉ!» አለች።

ዝም አልን። እሱም ዝም አለ። ከዚያ በፊት እሱን ዝም ያሰኘ ሰው አላየሁም፤ የቤቱን አላውቅም። እሷ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች፤ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ኤሲ አስጠጋች። «ሳሙና አምጡልኝ» አለች። ከመታጠቢያ ቤት አመጣንላት። አረፋውን በቱቦው ዙሪያ ስትቀባው ፊኛ እየሠራ ይነፋ ጀመር። ጋዝ እያሾለከ ነው። ቫልቩ ደግሞ የራሳችን ምርት!

«ነሐሱን የቆረጠው ማነው?» አለች። የቤቱ ጣት በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ቫልቩን ፈትታ አገላብጣ አየችውና «ነሐሱ ደህና ነው። የከዳው ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ ደርቋል። ይህን ጎማ ለዚህ ጋዝ የመረጠው ማነው?» አለች።

ያኔ ጣሪያውን የማያይ ሰው አልነበረም። መራጩ ሥራ አስኪያጁ ነበራ! በወጣትነቱ፣ ራሱ በእጁ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ይቅርታ፣ ንግግርዎን ይቀጥሉ» አለችው፣ ከወንበሩ ሳትወርድ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ዝም በሉ» ሆኖ ቀረ። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው።

አሁን ከውጭ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ነገር ልግለጥላችሁ፤ ቤተኞቹ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምንሸኛት ሴት ለመሄድ አልወሰነችም። ኬኩ ተጋግሯል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ስጦታው ተጠቅልሏል፤ መንገደኛዋ ግን ገና እያሰበችበት ነው። ጡረታዋን ሁለት ጊዜ አራዝማ፣ ሦስተኛ ጠይቃለች። ያሁኑ ሥራ አስኪያጃችን፣ ያ ግንባሩን የሚጠርገው፣ «እኔ እሺም እምቢም አልልም፤ በግብዣው ማታ አንቺው ንገሪኝ» ብሏታል። ብልጥ ነው፤ ፍሙን በእኛ እጅ ሊጨብጥ። ስለዚህ እኔ እዚህ የቆምኩት ለመሸኘት ብቻ ሳይሆን ለማስወጣትም ነው።

«አንተ ደግሞ በምን አፍህ?» እያለች ነው፤ ከንፈሯን አየሁት። ልክ ነሽ። እኔን በዚሁ አዳራሽ ሸኝታችሁኛል። አልቅሼ፣ ኬኬን በልቼ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ ሄድኩ። ብዙም ሳልቆይ በኮንትራት ተመለስኩ። የመለሰችኝ ባለቤቴ ናት፤ «ቤት ውስጥ ያለውን ብሎን ሁሉ ፈትተህ ጨረስክ፤ አሁን የቀረነው እኔና ልጆቹ ነን» ብላ። ሰዓቱን ግን የሚያስመልሰኝ የለም።

እና ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጠባይዋ። ይህች ሴት ጎማ ካየች ጥፍሯን ሳትጭንበት አታልፍም። የጫማ ሶል ይሁን፣ የጠርሙስ ክዳን ይሁን፣ የሰው መኪና በር ይሁን። የመጋዘን ኃላፊያችን ልጇን ስትድር፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እሷ የመጠጡ ፍሪጅ ሥር ተንበርክካለች። ፎቶው አለ። ከፊት ሙሽሮቹ፣ ከኋላቸው የአንዲት የተከበረች ኢንጂነር ጀርባ።

ምሳችንን የምናስቀምጥበትን የክበባችንን ፍሪጅ ነገርማ ለአዲሶቹ ላስረዳ። እዚያ ላይ የሚገጠመው ሁልጊዜ ገና ለገበያ ያልወጣ ቫልቭ ነው። ክረምት ከበጋ ምሳችንን ጠብቆ ካለፈ ይሸጣል። ካበላሸው ወደ ንድፍ ክፍል ይመለሳል፣ እኛም ጦማችንን እንውላለን። አዲሱ የማቀዝቀዣ ጋዝ ከነዘይቱ የመጣ ጊዜ፣ የጎማው ቀለበት ዘይቱን ጠጥቶ እንደተነከረ ባቄላ አበጠና ቫልቩ አልዘጋ አለ፤ ፍሪጁም ያለ ማቋረጥ ያቀዘቅዝ ጀመር። የመጋዘን ኃላፊያችን ምሳ ዕቃዋን ብትከፍት ሾርባው ድንጋይ ሆኗል። ይዛው ንድፍ ክፍል ገባች።

«ኢንጂነር! ይህን በማንኪያ ልብላው በመዶሻ?»

«በመዶሻ ሞክሪውና እንዴት እንደሚሰነጠቅ ንገሪኝ» አለቻት፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ልማዱ የተጀመረው ግን በሳቅ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ባለ ሥጋ ቤት መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ «ኑ ውጡና አሽትቱ!» ብሎ ጮኸ። የሸጥንለት የማቀዝቀዣ ክፍል ቫልቭ ጋዙን አሾልኮ ጨርሶ ሥጋው ተበላሽቶበታል። ቫልቩን መፈተኛ ጠረጴዛችን ላይ በሚገባ ፈትነነው ነበር፤ ቅንጣት አላሾለከም። ግን ጠረጴዛው የት ነበር? ከማቅለጫው ምድጃ አጠገብ፣ ሸሚዝ በሚያስወልቅ ሙቀት! ጎማ እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ብርድ ሲነካው ይኮማተራል፣ ቦታውን ይለቃል። እኛ የብርድን ዕቃ በሞቀ ክፍል ፈትነን ሸጥን።

አለቆቹ መስኮት ላይ ቆመው ማን ይውረድ ሲባባሉ እሷ ወርዳ ነበር። «ቀለበቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው።

«ይሄ ሥጋዬን ይመልስልኛል?»

«አይመልስም። ከእንግዲህ ግን ከአንተ ሥጋ በፊት የእኔ ምሳ ይበላሻል።»

እንግዲህ «የእኔ ምሳ» ነው ያለችው፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሁላችንን እንዴት እንዳስያዘችው እስከ ዛሬ አልተነገረንም። ባለ ሥጋ ቤቱ ግን ደንበኛችን እንደሆነ አለ። ልጁም ከእኛው ነው የሚገዛው።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላስቀምጠው። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። እንዴት አደርክ ሳትል ወጥ ቤት ገብታ የፍሪጄን በር ከፈተች፤ ቁራጭ ወረቀት በጎማው መሃል አስገብታ ዘጋችና ሳብ ብታደርገው ሙልጭ ብሎ ወጣ። በሩ አይገጥምም ማለት ነው። ባለቤቴ መኝታ ቤት መጥታ «ሰውየው፣ እንግዳዋ አንተን ልትጠይቅ ነው ፍሪጁን?» አለችኝ። እኔም ተቀየምኩ፤ አልዋሽም። ኋላ ሰማሁ፤ በሩን ስትከፍት ያየችው የባለቤቴን የስኳር መድኃኒት ነው። በብርድ መቀመጥ ያለበት፣ እኛ ሞኞቹ በማይገጥም በር ውስጥ ያስቀመጥነው። በሳምንቱ መጨረሻ ከባለቤቷ ጋር መጥታ የበሩን ጎማም፣ ከኋላው ጋዝ ሲያሾልክ ያገኘችውን ቀለበትም ለውጣ ሄደች። አንድ ቃል አልወጣትም። ባለቤቴ እዚያ ተቀምጣ ፊቷን በመሃረብ የምትሸፍነው ለዚህ ነው። እኔም በአደባባይ አመሰግንሻለሁ እህቴ። ያን ቀን ስላልተናገርኩት ነው።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር። በክበቡ ፍሪጅ ላይ አሁን የተገጠመው ቫልቭ ቀለበቱ የእሷ አይደለም። የምክትሏ ነው፤ አሥር ዓመት አጠገቧ የሠራችው፣ እዚያ ጥግ ከልጆቿ ጋር የተቀመጠችው። «ፈተናው ሳያልቅ አልሄድም» ስትል ሰንብታለች የእኛ «ዝም በሉ»። ባለፈው ሳምንት መፈተኛ ክፍል ብቻዋን አገኘኋትና ጠየቅኋት።

«ቀለበቱ አሾለከ?»

«ኧረ አላሾለከም ጋሼ።»

«ንድፉ ላይ የምትነቅፊው አለሽ?»

«የለኝም። ከእኔ ይሻላል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የመለኪያውን መስታወት በእጅጌዋ ጠራረገች። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ በሌለሁበት ሥራው ይይዝ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ይህን ያህል ዘመን ቫልቭ የነደፈች ሴት! አንቺ ባለሽበት አንቺ የሌለሽበት እንዴት ይታያል? ይህች ልጅ ቀና ስትል አንቺን ታያለች፤ ስትጠራጠር አንቺን ትጠይቃለች። እንዲህ አድርጎ ሰውን መፈተን ያው የሞቀ ክፍል ነው። ብርዱ ይንካት። እሷ ትይዝ አትይዝ እንደሆነ የሚታየው አንቺ በዚያ በር ስትወጪ ነው። አልዋሽሽም፣ ስህተት ትሠራለች። የእኛም ምሳ ይበላሻል። ለምደነዋል።

ሌላ አንድ ሰው ደግሞ አለ። ባለቤትሽ። ካመመው ወዲህ ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር ተራመድ» ብሎታል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ከማን ጋር ይራመዳል? ማታ ማታ በዱላው እያነከሰ እስከ ፋብሪካው በር ይመጣል፤ አንቺ «መጣሁ» ትያለሽ፣ እሱ ከጥበቃው ጋር ስለ አየሩ ያወራል። አንድ ማታ «ለምን ገብተህ አትጠራትም?» ብለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እኔ ባሾልክ ኖሮ በሩጫ ትመጣ ነበር፤ ጥፋቴ ድምፅ አለማሰማቴ ነው።» እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አልሳቅሁም።

ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ ምስጢርህን አወጣሁት። የሽማግሌ አፍ ነው።

በሉ ብርጭቆ ያዙ። ጭማቂም ውኃም የያዘ ያንሳ። ኢንጂነር፣ ሥራ አስኪያጁ መልስሽን ይጠብቃል፤ ንግግር አንፈልግም። ከእኛ ጋር ብርጭቆሽን ካነሳሽ ሄደሻል። ጠረጴዛው ላይ ከተውሽው ኬኩን በልተን ነገ ጠዋት እንገናኛለን፤ ማንም አይቀየምሽም። እኔንማ አትዪኝ። እኔ የሰዓት ተሸላሚ ነኝ፤ ምክሬ እንጂ ሥራዬ አያስተምርም።

ምን አልሽ? ጮክ በዪ።

«ነገ ጠዋት የፍሪጁን ሙቀት ማን ያነባል?» ትላለች። ሰማችሁ? ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ፣ ዞር በይና ምክትልሽን ጠይቂያት እንጂ!

...እንዲያ ነው። «እኔ አነባለሁ። ካሾለከም እኔው እፈታዋለሁ። አንቺ ሂጂ» አለቻት። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ። ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ይኸው! አነሳችው! ሥራ አስኪያጅ፣ መልስህን አገኘህ፤ ግንባርህን መጥረግ ተው።

እንግዲህ ለእህታችን! ያቀዘቀዘችው ውኃ፣ ያቆየችው መድኃኒት፣ ያላበላሸችው የሰው እንጀራ ሁሉ ዕድሜ ሆኖ ይመለስላት። እግሯ ይጽና፣ ሳቋ አይጉደል፣ እንቅልፏ ይጣፍጣት። ለተተኪዋም ብርድ የሚችል ሆድ ይስጣት። አንተም ወንድሜ፣ በር ላይ መቆሙ ዛሬ አበቃ። ዱላህን ለእኔ ስጠኝ፣ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ ለጉልበቴ ያስፈልገኛል፤ አንተ የእሷን ክንድ ያዝ። ጠጡ!