የማዘጋጃ ቤቱ መላጣ

በእኛ ጊዜ የመላጣ ትርጉም የታወቀ ነበር። መላጣ ማለት ምንም ያልበቀለበት ቦታ ማለት አይደለም፤ መዳፍሽን ማንም መላጣ አይለውም። መላጣ ማለት በቅሎ የሚያውቅ፣ መብቀልም የሚገባው፣ ዙሪያው ሁሉ በቅሎ ሳለ እሱ ብቻ እንቢ ያለ ቦታ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የማዘጋጃ ቤቱን ግቢ ታሪክ ይንገሩን ብላችሁ ስለመጣችሁ ነው። እናንተ የከተማ ውበት ሠራተኞች ናችሁ፣ ትምህርታችሁ የሣር ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ጸሐፊ ነኝ፣ ትምህርቴ ዳዊትና ቅኔ ነው። አንቺ የምትጽፊው፣ እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው።

ታዲያ የዚያን ጊዜ የግቢው መንገድ እንደዛሬው ድንጋይ አልተነጠፈበትም፣ በየእርምጃው መብራት አልተተከለበትም። ከበሩ እስከ ደረጃው አንድ የጠጠር መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሣር ነው። ሰርዶ ሣር። አትክልተኛው አያ መኳንንት ከአገሩ ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ማዶ፣ በኬሻ እየተሸከመ አምጥቶ፣ ቁራጭ በቁራጭ የተከለው ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲያጠጣው የሚሸተው ሽታ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሳይዘንብ የዘነበ ነው የሚመስል። እኔ መስኮቴን ከፍቼ፣ መዝገቤን ዘርግቼ፣ ያን ሽታ እየሳብኩ ነው ሥራ የምጀምር። ዛሬ እናንተ ያን ሁሉ አበባ ተክላችሁ፣ ሸጋ ነው፣ አልነቀፍኩም፣ ግን አይሸትም። ምነው አይሸትም?

እና በቀኝ በኩል ባለው ሣር ላይ፣ ከበሩ አሥር እርምጃ ገባ ብሎ፣ አንድ መላጣ ነበር። ሁለት ሰፌድ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚሸፍነው ነው። አቋራጭ እንዳትሉ፣ ወደየትም አያቋርጥም። ማንም የሚቀመጥበት አይደለም፣ ጥላ የለውም። ዝም ብሎ መላጣ።

ታዲያ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ስሙን ልተወው፣ ልጆቹ እዚሁ ከተማ ናቸው፣ ደጎች ልጆች ናቸው። በሹመቱ በሦስተኛው ቀን ግቢውን እየዞረ ሲያይ መላጣው ላይ ደረሰ። እኔ በመስኮት እሰማለሁ።

«መኳንንት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሣር ነው ጌታዬ።»

«ይህ ሣር ነው?»

«ዙሪያው ሣር ነው።»

«መሀሉን ነው የምልህ!»

«መሀሉስ እንኳ መላጣ ነው ጌታዬ።»

ኃላፊው ደግሞ ባርኔጣውን የትም ቦታ የማያወልቅ ሰው ነበር፣ እና ቃሉን አልወደደውም። «ከፋሲካ በኋላ ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ እስከዚያ ይህ ቦታ አረንጓዴ ካልሆነ አንተ እዚህ አትኖርም» አለው። አያ መኳንንት አምስት ልጆች አሉት፣ ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ባርኔጣ የለውም፣ የራሱን ሻሽ አስተካክሎ «እሺ ጌታዬ» አለ።

አያ መኳንንት ፍግ ጨመረ፣ አፈሩን ገለበጠ፣ አዲስ ሰርዶ ተከለ። በሳምንቱ ሣሩ በቀለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ኃላፊው ሰሌዳ አሠራ፤ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ይላል፣ ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ቆንጆ ጽሑፍ ነበር። አንድ ቀን ከወለቃ የመጡ አንዲት ሸክላ ሠሪ መላጣው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ምን ይላል?»

«ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው ይላል እናቴ።»

ወደ እግራቸው አዩ። «እዚህ ሣር የለም።»

«የለም።»

«እንግዲያ አልረገጥኩም» አሉና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

ታዲያ ኃላፊው አጥር አዘዘ። አራት ነጭ የተቀባ እንጨት፣ በዙሪያው ሽቦ። አያ መኳንንት ሲያጥር እያጉረመረመ ነው፣ «ይህ ሸጋ አይደለም፣ ይህ ሸጋ አይደለም» ይላል። ምክንያቱን ስጠይቀው አይናገርም።

አሁን ስሙኝማ። በእኛ አገር የሚታጠረው ምንድን ነው? ሰብል ይታጠራል፣ ያ ሰብል ስለሆነ ነው። ባዶ መሬት ግን በነጭ እንጨት ተከቦ ያየ ሰው ምን ይላል? ጸበል ነው፣ ወይም የጻድቅ መቃብር ነው ይላል እንጂ፣ ማዘጋጃ ቤት ሣር ሊያበቅል ነው አይልም። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት እንጨቱን ሲሳለሙ አየሁ። በአምስተኛው ቀን ጧፍ በርቶበታል። በሳምንቱ አንድ የቆላ ድባ ገበሬ እጁን በሽቦው አሾልኮ አፈር ሲዘግን ደረስኩ።

«ምነው አያ፣ አፈሩን ምን ልታደርገው ነው?»

«ለበሬዬ ነው፣ ሆዱን ነፍቶታል። የማን ጸበል ነው?»

«ኧረ የማንም አይደለም! የማዘጋጃ ቤት ነው።»

«እሺ፣ እሺ» አለ፣ ምስጢር የደበቅኩት መስሎት ጠቀሰኝና አፈሩን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ሄደ።

እና በሬው ዳነ! ምን ይደረጋል? ገበሬው በሁለት ሳምንቱ ስለቱን ይዞ መጣ። ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ይሳላል አይደል፣ እሱም ጥላ ነው የተሳለ፤ የድሃ ስለት ነው፣ ተራ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ዘርግቶ ከእንጨቱ ጋር አሰረው። ኃላፊው ጠዋት ሲመጣ መላጣው ጃንጥላ ተዘርግቶለት፣ ሦስት ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ቆመው አገኘ። ጮኸ።

«መኳንንት! ይህን አንተ ነህ ያደረግኸው!»

«እኔ ያጠርኩ፣ እርስዎ ያዘዙ ጌታዬ።»

አጥሩ በዚያው ቀን ተነቀለ። አያ መኳንንትም ከፋሲካ በኋላ እንደሚሰናበት በደብዳቤ ተነገረው፤ ደብዳቤውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። እስከ ማታ አቆይቼ ነው የጻፍኩት።

ያን ሰሞን ሐጂ ኑሩ መጡ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የሱቃቸውን ፈቃድ ሊያሳድሱ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ከእኔ ጋር ጨዋታ ይወዳሉ። የአያ መኳንንትን ነገር ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ቆሜያለሁ» አሉ።

«ለምን ሐጂ?»

«ሰው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቆማል፣ እኔም ወረፋ መስሎኝ! ከፊቴ ያለው ጎንበስ ቀና ይልና ይሄዳል፣ ከኋላዬ ያለውም ይሄዳል፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ምን ያለ ወረፋ ነው እላለሁ፣ ለእኛ አይደርስም!»

እኛ ሠራተኞች በጓሮ በር ነው የምንገባ፣ ኃላፊውም በማኪና ነው የሚገባ፣ እና እዚያ ቦታ ላይ ቆመን አናውቅም። ወጥቼ ቆምኩበት። ቀና ስል፣ በገንዘብ ቤቱ ጣሪያና በውሃ ታንከሩ መካከል፣ ጉልላቱ ቁልጭ ብሎ፣ ከነመስቀሉ! የደብሩን ስም አልጠራም፤ ጎንደር አርባ አራት ታቦት ነው፣ ቀሪዎቹ ይቀየሙኛል። ለካ ባለጉዳዩ ሁሉ ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት እዚያች ላይ ቆሞ ይሳለማል። «ጉዳዬን አቅናልኝ፣ የሰውየውን ልብ አራራልኝ» ብሎ ነው የሚገባ። ሰውየው እኛ ነን እንግዲህ።

አያ መኳንንትን ያዝኩት። «ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ!»

«ታዲያ እንጀራህ ሊሄድ ነው፣ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ምን ሊያደርጉ ነው? ሰውን አትሳለም ሊሉት ነው? ሣር እንደሆን በሌላም በኩል ይበቅላል» አለኝ።

እኔ ግን አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ምክንያቱ ከታወቀ ሰውየው ይተርፋል ብዬ ሄጄ ለኃላፊው ነገርኩት። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ጻፊው። ኃላፊው ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። «እንግዲያ ቀላል ነው» አለ። «የሚያዩትን ነገር ዛፍ ተክለን እንጋርደዋለን፣ ማንም እዚያ አይቆምም። መኳንንት ይትከል፣ ከተከለ ደብዳቤው ይሻራል።»

አያ መኳንንት ሲሰማ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «የእግዜርን ቤት በእጄ ልጋርድ?» አለ። «አምስት ልጅ አለኝ፣ አያ። አንተ ምን አለበት ዝም ብትል?» ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው አያ ሲለኝ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እና ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ። የነፍስ አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው። ኋላ እሱ እንደነገረኝ እንዲህ ነው የተባባሉ።

«ምን ዓይነት ዛፍ ትከል አለህ?»

«ዛፍ ነው ያለኝ አባ፣ ዓይነቱን አልጠቀሰ።»

«ደብራችንን የከበበው ምን ዛፍ ነው?»

«ጽድ ነው።»

«ጽዱ ቤተ ክርስቲያኑን ጋረደ ያለ ሰው ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«ሂድ ጽድ ትከል። ሹም ሲያዝ መታዘዝ ነው፣ የሚያሳድገው ሌላ ነው።»

በማግስቱ አያ መኳንንት ከመላጣው ፊት ለፊት ስንዝር የማትሞላ ጽድ ተከለ። ኃላፊው መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ይህ ነው ዛፉ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«መቼ ነው የሚያድግ?»

«ጽድ አይቸኩልም ጌታዬ፣ ግን አይሞትም።»

ሌላ ለመትከል ጊዜ አልነበረም፣ ጎብኚዎቹ ደረሱ። ኃላፊው ደግሞ ብልህ ነው፣ አይካድም፤ መላጣውን ራሱ አሳያቸው፣ «ችግሩ ተጠንቶ፣ ዘላቂ መፍትሔ ተተክሎለታል» አላቸው። አጨበጨቡ። ደብዳቤው ተሻረ፣ መሻሩንም እኔው ጻፍኩት፣ ያን ቀን እጄ ፈጠነ። በስምንተኛው ወር ኃላፊው ለዚሁ ሥራው ተመስግኖ ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወረ። አያ መኳንንት ጡረታውን አግኝቶ ወጣ። ከወጣም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጽዷን ያጠጣ ነበር፣ «የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ ላጓድል?» እያለ ይስቃል። ነፍሱን ይማር፣ እንደሱ ያለ አትክልተኛ አላየሁም። ሲያጠጣ ለሣሩ ቀስ ብሎ ያወራለት ነበር፣ እኛ ደግሞ በመስኮት እንሰማና ሥራችን ይጣፍጠን ነበር።

ምን አልሽ? ዛፉ? አደገ እንጂ። ሃያ ዓመት ፈጀበት፣ ቀጥ ብሎ አደገና ጉልላቱን ደህና አድርጎ ጋረደው። ሰዉ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ከዚያ የሚታየው የመስቀሉ ጫፍ ብቻ ነው፣ ለመሳለም ግን ይበቃል፤ የቀድሞው መላጣ ዛሬ ጥሩ ሰርዶ ይዟል።