ጡሩምባ ነፊው ሲሮጥ

(ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ገና አሁን በተነቀለው ድንኳን ላይ ተቀምጠዋል፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊና የሰፈሩ ጫማ ጠጋኝ ጥላዬ ደግሞ በቁምጣ፣ በአንድ እጁ ጡሩምባ በሌላው ወረቀት ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

ጋሽ መኩሪያ፦ አልፈርምም አልኩህ። የሞተ ሰው ይፈርማል እንዴ?

ጥላዬ፦ አልሞቱም እኮ ጋሼ።

ጋሽ መኩሪያ፦ እሱን ለሰፈሩ ንገር። ድንኳኑ በሬ ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ፒጃማዬ፣ ለራሴ ለቅሶ ደረስኩ።

ጥላዬ፦ ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም። ጡሩምባዬም ሲጀመር ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ፦ ሲጀመር?

ጥላዬ፦ አዎ፣ ሲጀመር።

ጋሽ መኩሪያ፦ ቆይ፣ እሷ ጋ እንመለሳለን። ስማኝ ጥላዬ፣ አንተ ጡሩምባ አያስፈልግህም። አንተው ራስህ ጡሩምባ ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ ከታየህ፣ አንድ ሰው አርፏል ማለት ነው። ቀስ እያልክ ስትሄድ እንኳ የሰው ሆድ ይባባል። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እየሮጥክ። ስንት ሰው ቢያልቅ ነው እንዲህ የሚጣደፈው አይልም ሰዉ?

ጥላዬ፦ ልምምድ ላይ ነበርኩ። የእሑዱ ማራቶን የመጨረሻ ልምምድ።

ጋሽ መኩሪያ፦ እሺ፣ ሩጥ። እኔ በር ላይ ምን አቆመህ?

ጥላዬ፦ እኔ አልቆምኩም፣ እግሬ ነው የቆመው። እንዲያው በየመገናኛው እየቆምኩ ስነፋ፣ ስነፋ፣ ለምዶብኛል። እኔ ልሂድ እላለሁ፣ እሱ መንገድ ሲገናኝ ካየ ቀጥ። የእርስዎ በር ደግሞ ዋናው መገናኛ ላይ ነው።

ጋሽ መኩሪያ፦ ቆምክ፣ ይሁን። ኮፍያህን ለምን አወለቅህ?

ጥላዬ፦ አልቦኝ።

ጋሽ መኩሪያ፦ አንገትህን ለምን ደፋህ?

ጥላዬ፦ ትንፋሽ አጥሮኝ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ፊትህን በሁለት እጅህ የሸፈንከውስ?

ጥላዬ፦ ላቤን ስጠርግ ነዋ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ራስህን እየነቀነቅህ «አይ ጋሽ መኩሪያ» ያልከውስ? እሱም ላብ ነው?

ጥላዬ፦ እሱ እንኳ... ወረቀቱን እያሰብኩ ነበር። «አይ ጋሽ መኩሪያ፣ ይፈርሙልኝ ይሆን?» ልል ነው። ግማሹ ጮክ ብሎ ወጣ መሰለኝ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ያንን ግማሽ ነው ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ በመስኮቷ የሰማችው።

ጥላዬ፦ እኔ ምኑን አውቄ። ጥቂት ራቅ እንዳልኩ ከኋላዬ ኡኡታ ተነሣ። በሰፈራችን ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ሥራዬ ነውና ጡሩምባዬን ላመጣ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ጋሽ መኩሪያ፦ እንደገና ሮጥክ።

ጥላዬ፦ ያውም ከበፊቱ በፈጠነ። በዚያች ሰዓት ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ፦ ያየህም ሁሉ ወጣ።

ጥላዬ፦ ወጣ። ስመለስ ድንኳኑ ቆሟል። «ማን ነው የሞተው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ አንተ አይደለህም እንዴ ያረዳኸን?» አሉኝ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ከዚያስ?

ጥላዬ፦ ከዚያማ... ነፋሁ።

ጋሽ መኩሪያ፦ አንተው ያመጣኸውን ወሬ አንተው አምነህ ነፋህ?

ጥላዬ፦ ሃምሳ ሰው እያለቀሰ እንዴት አላምንም? እኔም አለቀስኩ ጋሼ። እውነቴን ነው፣ እንደዛሬ ከልቤ ነፍቼ አላውቅም።

ጋሽ መኩሪያ፦ ሰምቼዋለሁ። የቀሰቀሰኝ እሱ ነው።

ጥላዬ፦ ጡሩምባው ነው የቀሰቀሰዎት?

ጋሽ መኩሪያ፦ እና ምን ይሆናል? ሚስቴ አስካለ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ ከውጭ ቆልፋ ኪዳን ሄዳለች። ቤቱ ጭር ብሏል። አንተ ስትነፋ ብድግ አልኩ።

ጥላዬ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ነፍቼ እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ሩብ ሰዓት ይሆናል። በሩ ቢቆለፍም መስኮት አለ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ቆዩ?

ጋሽ መኩሪያ፦ ሱሪዬን ስፈልግ።

ጥላዬ፦ በፒጃማ ነው እኮ የወጡት።

ጋሽ መኩሪያ፦ ስላጣሁት ነዋ።

ጥላዬ፦ ጋሼ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ምን «ጋሼ» ትለኛለህ?

ጥላዬ፦ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ለቅሶዎን እያዳመጡ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ፦ ...ጥቂት ብቻ። ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ይሰማል።

ጥላዬ፦ እንዴት ነበር ታዲያ?

ጋሽ መኩሪያ፦ እንዴት ነበር ይለኛል ደግሞ። ማንጠግቦሽ «ደግ ነበሩ» አለች፣ ደስ አለኝ። ወዲያው «ቢሆንም ንፉግ ነበሩ» ብላ ጨመረችበት። መስኮቱን ከፍቼ ልመልስላት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ጥላዬ፦ እትዬ አስካለስ?

ጋሽ መኩሪያ፦ እሷ ብሳ መጣች። በሰው ትከሻ ተደግፋ «ማታ ወጡ ጨው በዛበት ብሎኝ አኩርፌው ነው የተኛሁት» እያለች። አሁን የኛን ቤት ጨው የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

ጥላዬ፦ በሩ ሲከፈትና ብቅ ሲሉስ? እኔ እንኳ ጡሩምባዬን ጥዬ ነው የፈረጠጥኩት።

ጋሽ መኩሪያ፦ አየሁህ። ሌላውማ አግዳሚውን ከነተቀመጠበት ተሸክሞ ነው የሮጠው። ማራቶን እነሱን ማስመዝገብ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነው ከቦታው ያልተነቃነቀው። ማን እንደሆነ ገምት።

ጥላዬ፦ አቶ ይልቃል።

ጋሽ መኩሪያ፦ እንዴት አወቅህ?

ጥላዬ፦ ድንኳኑን የተከሉት እሳቸው ናቸዋ። ማንንም አላስነኩም። «የዚህን ሰውዬ ድንኳን እኔ ነኝ የምተክለው» እያሉ በባዶ እጃቸው ካስማ ሲመቱ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ፦ በአጥር ግንብ ተጣልተን አራት ዓመት ሰላምታ የለንም። አንድ ክንድ ወደ እኔ ገፋህ፣ አልገፋሁም፣ በዚችው ነገር። ዛሬ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ስሰማው «ወንድሜ፣ ግንቡን ሳላፈርስልህ» እያለ ሰማይና ምድሩን ያናጋዋል። ስወጣ አየኝና «አንተ ሽማግሌ፣ ልትገድለኝ ነው?» ብሎ አንገቴን አንቆ አቀፈኝ። አሁን እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርስ እየበላ ነው። ጨው በዝቶበታል።

ጥላዬ፦ እንግዲያው ጥሩ ሠራሁ ማለት ነው። ይፈርሙልኛ።

ጋሽ መኩሪያ፦ አልፈርምም። እሑድ የወሩ ስብሰባ ነው፤ ጠዋት ማን ነፍቶ ሰው ይሰበስባል? ደግሞስ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? ለዚያ እኮ አውቶቡስ አለ። በአርባ ስምንት ዓመትህ፣ የዕለት ሥራ እያለህ፣ መቼ ተለማመድክና ነው?

ጥላዬ፦ ጊዜማ ከየት ይመጣል? ቀን ጫማ እሰፋለሁ። ወፍጮ ቤት ስሄድ እህሉን ተሸክሜ እሮጣለሁ። ሚስቴ ዘርፌ መጀመሪያ «አበድክ» ብላ ተቆጣች። ዱቄቱ ቶሎ ሲደርስላት ጊዜ ዝም አለች፤ አሁን የጎረቤቱንም እህል ጨምራ ነው የምትጭነኝ። ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ እሮጣለሁ። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ እንደማላውቅህ ሆነህ ከኋላ ና» ትለኛለች።

ጋሽ መኩሪያ፦ እውነቷን ነው። ጫማህን አየሁት፣ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም።

ጥላዬ፦ ደንበኞቼ ጣጥለውት ከሄዱት መርጬ ነው የሰፋሁት። ግራው ፈጣን ነው፤ ቀኙ ትንሽ ይለግማል።

ጋሽ መኩሪያ፦ ይለግማል ይለኛል እንደ በቅሎ። እንዲያው ምን አስጨነቀህ አንተ ሰው? ለጤና ከሆነ ጤነኛ ነህ። ለስም ከሆነ ከአንተ በላይ የሚታወቅ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም።

ጥላዬ፦ ወረቀቱን አላነበቡትም ጋሼ።

ጋሽ መኩሪያ፦ መነጽሬ ቤት ነው።

ጥላዬ፦ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለእናቶች ማቆያ ሊሠራ ነው። ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት። የሚሮጠው ሰው ሁሉ ሃያ ሃያ ደጋፊ ያመጣል፤ ሯጩ እስከ መጨረሻው ከሮጠ ደጋፊዎቹ ቃል የገቡትን ይሰጣሉ። ካቋረጠ የለም።

ጋሽ መኩሪያ፦ እሺ፤ ይሠራ። የሚሮጥ ወጣት ጠፋ?

ጥላዬ፦ ሐምሌ ላይ የነፋሁትን ያስታውሳሉ? እህቷ ቤት ልትወልድ የመጣችውን ልጅ?

ጋሽ መኩሪያ፦ ምጥ መንገድ ላይ የያዛት።

ጥላዬ፦ ጭቃው መኪና አላሳልፍ ብሎ። እናትና ልጅ በአንድ ጡሩምባ ነው የነፋሁት። መገናኛው ላይ ቆሜ የእሷን ስም ጠራሁ። የሕፃኑን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፣ ለካ ስም የለውም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለዘርፌ አልኳት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዴ እንኳ ቀድሜ ልድረስ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ይኼን ይዘህ ነው እንዴ ጠዋት ሙሉ ስለ ላብ የምታወራኝ? መጀመሪያ አትናገርም?

ጥላዬ፦ ሲሞቱብኝ ጊዜ ነገሩ ተምታታብኝ።

ጋሽ መኩሪያ፦ አምጣው። የት ጋ ነው?

ጥላዬ፦ እዚህ፣ «የሚያውቀው ማኅበር ኃላፊ» የሚለው ላይ። ማኅተምም ይፈልጋል።

ጋሽ መኩሪያ፦ ማኅተሙ ኪሴ ነው። ካፖርቱን የደረብኩት ለምን መሰለህ? ይኸው። የደጋፊዎቹስ ዝርዝር?

ጥላዬ፦ እሱ ነው ሌላው ጣጣ። ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት።

ጋሽ መኩሪያ፦ ከሃያው ሁለት? እነማን?

ጥላዬ፦ አንዷ ዘርፌ ናት። ሁለተኛው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፤ ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ምን እንደፈረመ እንጃ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ሌላው ሰው እምቢ አለህ?

ጥላዬ፦ መች ጠየቅኩና? በር አንኳኳለሁ፣ «ማነው?» ይላሉ፣ «ጥላዬ ነኝ» ስል ውስጥ ለቅሶ ይጀመራል። እትዬ ማንጠግቦሽማ በሩን ሳይከፍቱ ዘመዶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ «እሱ ነው? እሷ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ እስካሳምናቸው መሸ። ወረቀቱን ሳላወጣ ተመለስኩ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ወረቀቱ መቼ ነው የሚመለሰው?

ጥላዬ፦ ዛሬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት። ካልሞላ ስሜ ይሰረዛል። ደግሞ ቢሞላም አንድ የምፈራው ነገር አለ።

ጋሽ መኩሪያ፦ ምን ቀረህና ትፈራለህ? ዳኛህን ቀብረህ።

ጥላዬ፦ ሩጫው በሰፈራችን ነው የሚያልፈው። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር የት ላይ እንደሚውል ያውቃሉ?

ጋሽ መኩሪያ፦ እንዳትለኝ።

ጥላዬ፦ በርዎ ላይ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጉልበቴ አልቆ፣ እግሬ ያችን መገናኛ ካየ ቆመ ማለት ነው። ከቆመ ደግሞ አይነሣም።

ጋሽ መኩሪያ፦ እግርህ እዚያ ቆሞ ምንድን ነው የሚጠብቀው?

ጥላዬ፦ ጡሩምባውን ነዋ። ካልተነፋ አይሄድም።

ጋሽ መኩሪያ፦ ከተነፋለትስ?

ጥላዬ፦ ከተነፋማ ወደሚቀጥለው መገናኛ ራሱ ይወስደኛል።

ጋሽ መኩሪያ፦ ታዲያ ይኼ ችግር ነው? የእሑዱ ስብሰባ በሬ ላይ ነው የሚሆነው። አባል በሙሉ መንገድ ዳር ተሰልፎ፤ የቀረ ይቀጣል። እኔ አጠገብህ ቆሜ እነፋልሃለሁ።

ጥላዬ፦ እርስዎ? መንፋት ይችላሉ?

ጋሽ መኩሪያ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼሃለሁ። ከንፈር ሰብሰብ፣ ጉንጭ ነፋ። አምጣው እስቲ።

ጥላዬ፦ ጋሼ፣ አሁን አይሆንም።

ጋሽ መኩሪያ፦ ለእሑድ እኔም ልምምድ ያስፈልገኛል። አምጣው አልኩህ።

ጥላዬ፦ ኧረ ሰው ገና ዕንባውን አልጠረገም። ኧረ በሩን ልዝጋው... ወይኔ ጉዴ። ነፉት።

ጋሽ መኩሪያ፦ እንዴት ነበር?

ጥላዬ፦ አህያ ይመስላል። ግን ተሰምቷል። ይዩ፣ አቶ ይልቃል ከነእንጀራቸው ወጥተዋል። እትዬ ማንጠግቦሽም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ ነው ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?

ጋሽ መኩሪያ፦ ይምጡ። «ማን ሞተ?» ሲሉህ «እንዳይሞት ነው» በልና ወረቀቱን ዘርጋላቸው።