ያጨበጨቡት እነማን ናቸው?

ጓደኛዬን አብዲን እስከ ዛሬ አልተቀየምኩትም። ድሬዳዋ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከዛፍ ሥር ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አማርኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም። “ለጸጥታ ክፍል የማቀርበውን ሪፖርት ጻፍልኝ። ካንተ ሌላ የማምነው የለም” አለኝ። ለምክር ቤት የሚወዳደሩት መምህር ትናንት መጋላ ሰፈር ስላደረጉት ንግግር ነው።

ክው አልኩ። እኔም እዚያው ነበርኩ። “አቦ! ሰውዬው የቧንቧ ውሃ ይግባልን ነው ያሉት። ይሄ ምን ወንጀል አለው?”

“ንግግራቸውን ማን ጠየቀኝ? ያጨበጨበውን ሰው ነው የሚፈልጉት። የሚፈሩት እሳቸውን ሳይሆን ተከታያቸውን ነው።”

ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። “እሺ፣ ማን አጨበጨበ?”

መሬት መሬቱን እያየ፣ “አፉ በለኝ፤ ከራስህ ጀምር” አለኝ።

ስሜን እንደዚያን ቀን አጥርቼ ጽፌው አላውቅም።