የቆመው ሻምፓኝ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ እግሮቿ አልታዘዝ ካሏት ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበር የማትወርደው ውብዓለምና የምታስታምማት ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ ሳሎን ውስጥ ቡፌው አጠገብ ናቸው።)

ውብዓለም፦ መልሺው አልኩሽ! ያ ጠርሙስ አይጠጣም።

ጥሩወርቅ፦ ሳይከፈት በምን አወቅሽ እትዬ?

ውብዓለም፦ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቡፌ ላይ ቆሞ፣ ያውም በድሬ ሙቀት! ሻምፓኝ አስተኝተው ነው የሚያስቀምጡት። ከቆመ ቡሹ ይደርቃል፣ ነፍሱ ይወጣል። ካረጁ አይበጁ!

ጥሩወርቅ፦ እኔ ለቀለበቴ ነበር የገዛሁት። «አቁሚው፣ እንግዳ ይየው» ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ውብዓለም፦ ታዲያስ! ቀለበቱ ቢቀር ጌጡ ተረፈን።

ጥሩወርቅ፦ አልቀረም፣ አስቀረሽው እንጂ። «እማማ ይሻላት» አልሽ። እማማ ስትሞት «ሙት ዓመቷ ይውጣ» አልሽ። እሱ ሲወጣ ሰውዬው ሌላ አገባ።

ውብዓለም፦ ቢወድሽ ይጠብቅሽ ነበር። ሻምፓኙ እንኳ ጠብቆሻል።

ጥሩወርቅ፦ አሁን የድሮውን ተይው። የግዛቸውን ሽማግሌዎች «መክረን እንነግራችኋለን» ብለሽ ቀጥረሻቸዋል። ነገ መልስ ሊሰሙ ሲመጡ ባዶ ቤት እንዳይቀበላቸው ነው።

ውብዓለም፦ ግዛቸው! ሚስቱን ቀብሮ ሦስት ልጅ የሚያጥብለት ያጣ ልብስ ሰፊ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ የኔ እህት።

ጥሩወርቅ፦ ማጠቡንማ ለምጄዋለሁ። አንቺን ማን ያጥብሻል?

ውብዓለም፦ ኧረ! ቆጠርሽብኝ? እንዲያውም ክፈቺው። ክፈቺውና እንሳቅ።

ጥሩወርቅ፦ እሺ... ይኸው።

ውብዓለም፦ ድምፁስ? ሻምፓኝ ሲከፈት ጎረቤት ይሰማል እኮ! ይሄ እንደ ዘይት ጠርሙስ ተከፈተ። ቅጂ እስቲ። አረፋ የለ፣ ምን የለ! ወይ ጉድ፣ ያደረ ሻይ መሰለ!

ጥሩወርቅ፦ ቀለሙ ነው የጠቆረው። ሽታው ደህና ነው።

ውብዓለም፦ ቅመሺዋ!

ጥሩወርቅ፦ እ... ይጎመዝዛል። ግን ይጠጣል፣ የሚገድል ነገር የለውም።

ውብዓለም፦ «የሚገድል ነገር የለውም»! ግዛቸውም ስላንቺ የሚለው ይህንኑ ነው። አርባ አራት ዓመትሽ እኮ ነው ጥሩዬ። ማን ሲያይሽ ደስ ይለዋል?

ጥሩወርቅ፦ እንደፈለግሽ ስደቢኝ። ብቻ በእማማ አጥንት ልለምንሽ፣ ነገ እሺ በያቸው። ሠራተኛ እቀጥርልሻለሁ፣ እኔም ጠዋት ማታ እመጣለሁ። ከቤተሰብ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያላንቺ ቃል አልዳርም።

ውብዓለም፦ አልልም።

ጥሩወርቅ፦ ለምን እትዬ?

ውብዓለም፦ የምለው ሰው የለማ! ነገ ማንም አይመጣም። ማክሰኞ አንቺ ገበያ ስትሄጂ ደውዬ አስመጣኋቸው።

ጥሩወርቅ፦ ምን አልሻቸው?

ውብዓለም፦ «የሚጥል በሽታ አለባት፣ ደብቄ አልድራትም» አልኳቸው። ምስኪኖች፣ «እግዜር ይማራት» ብለው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ይወጣልሻል።

ጥሩወርቅ፦ አላለቅስም። ማክሰኞ ማታውኑ ሰምቼዋለሁ።

ውብዓለም፦ ሰምተሽ ነው ይሄን ሁሉ የምትለምኚኝ?

ጥሩወርቅ፦ ትጸጸቺ እንደሆነ ብዬ ነው። «አጥፍቻለሁ» ብትዪኝ እቀር ነበር፤ እናቴን፣ እቀር ነበር።

ውብዓለም፦ ለመሆኑ ማን ነገረሽ?

ጥሩወርቅ፦ ግዛቸው። ሱቁ ድረስ ጠርቶ ነገረኝ።

ውብዓለም፦ እና ሸሸ አይደል? ንገሪኝ፣ ሸሸ አይደል?

ጥሩወርቅ፦ «ብትወድቂ አነሳሻለሁ» አለኝ። ልብሴን ትናንት ወስዶልኛል። በይ ጠጪ እትዬ፤ ከዚያ ወንበር የሚያነሳሽን ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ ፈልጊ።