ማርያምና ሥላሴ ስለተባሉት አራት ጎማዎች

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ጅሬኛ ነገሳ ኢቲቻ
ዕድሜ፦ 21 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል ያቋረጠ
ሥራ፦ ጎሚስታ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጉዳዩ፦ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ በሚያወርደው መንገድ መኪና ተገልብጦ የወ/ሮ ሮማነወርቅ ሕይወት ስለማለፉ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡10 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን ሎሚ ቱሉ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ነው። የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። የምናገረው በእኔም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ዝም የማለት መብትም እንዳለኝ መርማሪዋ አስቀድመው ነግረውኛል። ዝም ማለት እንደማልችልበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ብዬ መለስኩ። መርማሪዋም ቀልዱን ትቼ ወደ ጉዳዩ እንድገባ አሳሰቡኝ።

ሟች ወ/ሮ ሮማነወርቅንና ባለቤታቸውን አቶ ወልደ ሐዋርያት ዓምደ ሚካኤልን የማውቃቸው በምሠራበት ጎማ ቤት ደንበኛ ስለሆኑ ነው፤ ሦስት ዓመት ይሆናል። አቶ ወልደ ሐዋርያት የመሬት ቀያሽ ሆነው ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ልጅ የላቸውም። እኔ ጋሽ ወልዴ እላቸዋለሁ፣ እርሳቸው ጅሬ ይሉኛል። መኪናቸው አራቱም እግሯ የሚስብ፣ ከፍ ያለች አሮጌ መኪና ናት። ወር በገባ በ21 ሁለቱም በእርሷ እንጦጦ ማርያም ይሳለማሉ።

ጋሽ ወልዴ በዚህ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል መሆናቸውን፣ የተጠረጠሩትም ጎማቸው ማለቁን እያወቁ በግዴለሽነት ነድተው ለሰው ሞት ምክንያት ሆነዋል ተብለው መሆኑን ሰምቻለሁ። ምሳ የሚያመላልሱላቸው ጎረቤታቸው ወ/ሮ የማርያምወርቅ እንደነገሩኝ ከተያዙ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሲጠየቁም «ጎማዬ ማርያምና ሥላሴ ነበር፤ በኃጢአቴ ፊቷን አዞረችብኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይሰጡም። ይህን የሰማ ግማሹ አእምሯቸው ተነክቷል፣ ግማሹ ማምለጫ ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም። ቃሉ የእኔ ነው። ከእኔ አፍ ወጥቶ ነው እርሳቸው አፍ የገባው።

የጀመረው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አላስታውስም፤ ረፋድ ላይ ነበር። ጋሽ ወልዴ ከውጭ የመጡ ያገለገሉ አራት ጎማዎች ገዝተው እንድገጥምላቸው አመጡ። ጎማዎቹ ላይ በጎናቸው ኤም እና ኤስ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ታትመዋል፤ በመሃላቸው የመደመር ምልክት አለ። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ጅሬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አለቃዬ ነግሮኛል፤ ጭቃና በረዶ ማለት ነው። በረዶ መሬቱን እንደ ጥጥ ሸፍኖ ወራት ለሚተኛበት አገር የተሠራ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጎማ ነው።

እኔ ግን ሌሎች ደንበኞች ተቀምጠው ስለነበርና ሰው ሲስቅልኝ ስለምወድ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆነው ይሄ ይጠፋዎታል? ማርያምና ሥላሴ ነዋ፤ በመሃል ደግሞ መስቀል» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በፈረንጅ አገርም እንዲህ ያለ ሃይማኖተኛ አለ ማለት ነው» ብለው አማተቡ። ደንበኞቹ ሳቃቸውን አፍነው ወጡ። እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ፊደሉ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጌ ገጠምኩላቸው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ እርሳቸው ጠይቀውኝ በነጭ ቀለም ቀባሁላቸው። መርማሪዋ በአደጋው ቦታ ያነሱት ፎቶ ላይ የሚታየው ነጭ ቀለም የእኔ እጅ ነው።

ጎማ ግን ያልቃል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. አንዱ ፈንድቶባቸው መጡ። አራቱንም በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ጥፍር የሚያስገባ ጥርስ እንኳን አልቀረም። «ጋሽ ወልዴ፣ ጎማዎ እንደ ራስዎ መላጣ ሆኗል፣ ይለወጥ» አልኳቸው። ስቀው «መላጣ ቢሆንም ፊደሉ አለ፤ እመቤቴ አታረጅም። ደግሞ አራቱም እግሯ ይስባል» አሉኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እሱስ ልክ ነዎት» ብዬ የፈነዳውን ደፍኜ ሸኘኋቸው።

መርማሪዋ አራቱም እግር የሚስብ መኪና ጎማው ቢያልቅም ችግር የለበትም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት እግር መሳብ የሚጠቅመው ለመሄድ ነው። ለመቆም ሲሆን የማንም መኪና እግር አራት ነው፤ የሚይዘው ጎማው እንጂ ሞተሩ አይደለም። እንዲያውም እንዲህ ያለችው መኪና የባሰች አታላይ ናት። በጭቃውም በበረዶውም ሳትንሸራተት ስለምትወጣ ነጂው ያዘልኝ ይላል፤ አለመያዟን የሚያውቀው ሲወርድ ነው። የእኛ በረዶ በሰዓት ውስጥ ይቀልጣል፣ ግን እስኪቀልጥ አስፋልቱ ላይ ብይ እንደተዘራ ነው።

በሰኔ ወር ወ/ሮ ሮማነወርቅ ብቻቸውን በእግራቸው ሱቃችን መጡ። እትዬ ሮማን ነበር የምላቸው። «አንተ ዱርዬ፣ የጎማውን ነገር እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ደብተራ ጅሬ፣ ትርጓሜ ቤት የት ነው የገባኸው?» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «እኔ ከነገርኩት ስስቅበት የኖርኩ ይመስለዋል፤ ሆድ ይብሰዋል። ቀልዱ ያንተ ነው፣ አንተው ንገረው። ጎማውንም ያኔ ይለውጣል» አሉ። እሺ አልኩ። ለሐምሌ ማርያም ሲወጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሐምሌ 21 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ገደማ ሁለቱም በመኪናቸው መጥተው ጎማ እንድነፋላቸው ቆሙ። እትዬ ሮማን በመስኮት ሆነው ቅንድባቸውን አንስተው አዩኝ። አራቱንም ነፋሁ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጋሽ ወልዴ፣ ማርያምን ብቻ ተሳልመው ኤሷ ፊደል እንዳትቀና፣ ዛሬ ሥላሴንም ይሳለሙ» አልኳቸው። ጋሽ ወልዴ ሳቁ። እትዬ ሮማን «ዛሬም አልሆነም?» አሉኝ። ጋሽ ወልዴ «ምኑ?» ብለው ጠየቁ። «ምንም፣ የኔና የደብተራው ጨዋታ ነው» አሏቸው። መስታወቱን ዘጉና ሄዱ። እትዬ ሮማን ጎማው መላጣ መሆኑን እያወቁ ነው የተቀመጡበት። ከእኔ ጋር የተዋዋሉትን ስለጠበቁልኝ ነው።

በዚያው ቀን ከቀኑ 7፡45 ሰዓት አንድ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ጎማው ፈንድቶ ስለቆመ ክሪክና መፍቻ ይዤ ወጣሁ። 8፡15 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መጣ። እኔና የአይሱዙው ሹፌር ጋቢና ገባን። ሃያ ደቂቃ ያህል ወረደ፤ ሲያባራ መንገዱም ባሕር ዛፉ ሥርም ነጭ ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ትንሽ ታክሲ ከላይ መጣ። የሚስበው በፊት እግሩ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉንም ጎማ በዚያው ሳምንት እኔው በአዲስ የቀየርኩለት ነው። በአንደኛ ማርሽ እየተንቀራፈፈ ኩርባውን ዞረና ከአይሱዙው በታች ዳር ይዞ ቆመ።

ከእርሱ ኋላ የጋሽ ወልዴን መኪና አየሁ። በፍጥነት አልመጡም፤ ይህን በደንብ ይጻፍልኝ። ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም ነበር። ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዙ አራቱም ጎማ መዞሩን አቆመ፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ቁልቁል እየፈጠነች እንደ ሳሙና ተንሸራታ በጎኗ ዞረችና የውሃ መውረጃውን የድንጋይ ካብ በሟች በኩል መታች፣ ከዚያ ቦዩ ውስጥ በጀርባዋ ተገለበጠች። እየሮጥኩ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ስደርስ ሞተሩ ስላልጠፋ ጎማዎቹ ወደ ላይ ሆነው ይዞሩ ነበር፤ ነጩ ፊደል እየመጣ ይሄዳል።

የታክሲው ሹፌር ጋሽ ወልዴን በበኩሉ አወጣቸው፤ ከግንባራቸው ደም በቀር ብዙ አልተጎዱም። እኔ በእትዬ ሮማን በኩል መስታወቱን በመፍቻ ሰብሬ ገባሁ። ቀበቶው እንደያዛቸው ነበሩ። በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎናቸውን ተጭኗቸዋል። «ወልዴስ?» አሉኝ። «ደህና ናቸው፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ ነው» አልኳቸው። «ከእንግዲህ እንዳትነግረው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። በታክሲው ወደ ሆስፒታል ስንወስዳቸው መንገድ ላይ አርፈዋል፤ ሰዓቱን አላየሁም።

አራት ቀን ዝም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። አትናገር ያሉኝ ሰው ሞተዋል፤ ቃላቸውን መልሰው ሊያነሱልኝ አይችሉም። ዛሬ ጠዋት ግን ወ/ሮ የማርያምወርቅ የትናንቱን ምሳ ዕቃ እንደ ሞላ ይዘው ሲመለሱ አየሁና፣ ዝምታዬ ሁለተኛ ሰው ሊገድል ነው ብዬ መጣሁ። ጋሽ ወልዴ ጎማቸውን አሳይተዋል። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማለቁን እያወቅኩ በቀልድ የሸኘኋቸውም እኔ ነኝ።

መርማሪዋ ይህን ለአቶ ወልደ ሐዋርያት ነግረሃቸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም። ከወረቀት ላይ ሳይነበብላቸው በፊት ከእኔ አፍ እንዲሰሙት እንዲፈቀድልኝ ለመንኩ። ከቀኑ 9፡25 ሰዓት ላይ ቃሌ ተቋርጦ ከመርማሪዋ ጋር ወደ ማረፊያ ክፍል ሄድን። ቃሌም 9፡50 ሰዓት ላይ ቀጥሏል።

ጋሽ ወልዴ ግንባራቸው ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ጅሬ፣ አንተንም አሰሩህ?» አሉኝ። «ገና ነው» አልኳቸው። ከዚያ ፊደሉ ጭቃና በረዶ ማለት እንደሆነ፣ ማርያምና ሥላሴ ያልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። «በረዶ ካለ ታዲያ ለምን በበረዶው አልያዘም?» አሉኝ። «ጋሽ ወልዴ፣ የሚይዘው ጥርሱ ነው፤ ጥርሱ አልቆ ነበር። ፊደሉ አያልቅም፤ ጎኑ ላይ ስለሆነ መሬት አይነካውም» አልኳቸው። «እመቤቴ አልተወችኝም ነው የምትለኝ?» አሉ። ጎማው ላይ መጀመሪያም አልነበረችም፣ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ አልኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር። እጃቸውን ግን ከጉልበታቸው ላይ አላነሱም።

ከዚያ «ሮማንስ ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አያውቁም ነበር» አልኳቸው። መርማሪዋ ይህን ስል አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አላረሙኝም። ጋሽ ወልዴ «ብታውቅማ መች ያስችላታል፣ ትነግረኝ ነበር» አሉ። ከዚያም ወ/ሮ የማርያምወርቅ ዛሬ ቀን ያመጡላቸውን ምሳ ዕቃ ሳብ አድርገው ከፈቱ። ክዳኑን እኔ ያዝኩላቸው።

ሟች ቀልዱን ያውቁ እንደነበር የሚገልጸው ክፍል ከዚህ ቃል እንዲወጣልኝ መርማሪዋን ጠይቄያለሁ። የተሰጠ ቃል እንደማይሰረዝ ነግረውኛል። እንግዲያው ለፍርድ ቤት ከሆነ ይነበብ፤ እኔም ያጠፋሁትን ፍርድ ቤቱ እንደሚለው እቀበላለሁ። ጋሽ ወልዴ ፊት ግን ያ ክፍል ባይነበብ እለምናለሁ።

ከላይ የሰጠሁት ቃል በሙሉ ያየሁት፣ የሰማሁትና ያደረግኩት ነው። ያልሆነ ነገር የተናገርኩት ዛሬ በማረፊያ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም እዚህ እንደሆነው ተጽፏል። ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጅሬኛ ነገሳ

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሎሚ ቱሉ

ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10፡20