እንቁላሉን ማን በላው?

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለሰፈሯ ሰው በደስታ ታወራለች።

«እናቴ ተነሣች! ትናንት በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ስማ መጣች!»

«እሰይ! አልጋ ይዘው አልነበር እንዴ?»

«እንቁላል ነው ያነሣት! የጤና ጣቢያው ድሬሰር ‹ሰውነታቸው አልቋል፤ እንቁላልና ወተት አታሳጧቸው› ብሎ ነበር።»

«እሱን ካዘዘ ሰነበተ አይደል?»

«ሰነበተ! በየቀኑ አቀርብላታለሁ፣ ሳህኑ ባዶ ይመለሳል፣ እሷ ግን ትከሳለች። ለካ ልጆቼን ስታጎርስ ኖሯል!»

«ኧረ! ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ራሴ ማጉረስ ጀመርኩ! የልጇን ጉርሻ እንዴት ትመልስ? እየሳቀች ዋጠችው!»

«አበጀሽ!»

አባቴ «ጠግቤያለሁ» እያሉ ወደ እኔ የሚገፉት ሥጋ ትዝ አለኝና ሞጣ እስክንደርስ መስኮት መስኮቱን አየሁ።